የሾተላይ መርፌና የረቡዕ ትምህርት፦ እርግዝናዬን የተከታተልኩበት ጤና ጣቢያ

ሁለተኛ ልጄን ያረገዝኩት ፍኖተ ሰላም አካባቢ ሆኜ ነው። ክትትሌንም ያደረግሁት እዚያው ባለ አንድ የመንግሥት ጤና ጣቢያ ነበር። ስሙን አልጠራም። የማመሰግነውም ያዘንኩበትም ነገር አለኝ፤ ያዘንኩበት ደግሞ ከሌሎች እናቶች እንደምሰማው የአንድ ቤት ችግር ብቻ አይደለም። አገልግሎቱ ምን እንደሚመስል፣ ምኑ እንደሚጠቅም፣ ለምኑስ ቀድሞ መዘጋጀት እንደሚያስፈልግ ልንገራችሁ።

የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። የላቦራቶሪ ውጤት፣ የሪፈር ወረቀት፣ የክትባት ካርድ በየቀኑ በእጄ ያልፋል። "እህቴ፣ እስቲ ምን ይላል?" የሚሉኝ እናቶች ብዙ ናቸው። ሐኪም ስላልሆንኩ አልተረጉምላቸውም። የሚያስጨንቃቸውን ግን አውቃለሁ። ሥራው ይሠራላቸዋል፤ ለምን እንደተሠራ የሚነግራቸው የለም።

የራሴም ጉዳይ አለኝ። ደሜ ኦ ኔጌቲቭ ነው፤ የባለቤቴ ፖዘቲቭ ነው። አገሬው ሾተላይ የሚለው ነገር፣ የእናትና የልጅ ደም አለመስማማት፣ ደጃፋችን ላይ ነበር ማለት ነው።

ከጤና ጣቢያው ሁሉ የምወደው የረቡዕ ጠዋቱን ትምህርት ነው። ክትትል ያለን እናቶች ከምርመራው በፊት በረንዳው ላይ እንሰበሰባለን። አግዳሚ ወንበር አለ፤ እሱ ሲሞላ ሰሌን ይነጠፋል። ቡና ይፈላል፤ ቡናውን የምናመጣው እኛው በየተራ ነው። አንዲት አዋላጅ ሲስተር ታስተምራለች። ዕድሜዋ ገና ነው፤ አነጋገሯ ግን የሰከነ ነው። ትልልቆቹን "እማማ"፣ እኛን "እህቴ" ትላለች። የሚጠይቃትን ሰው ዓይን ዓይኑን እያየች ነው የምትመልሰው። ለማንም "ይሄማ አይገባሽም" ስትል አልሰማሁም።

አንድ ረቡዕ ከቆላው የመጣች ሴት ጥያቄ አነሳች። "እርጉዝ ሴት በሽታ የመከላከል አቅሟ ይደክማል ይሉናል። በደከመ ሰውነት ላይ ክትባቱ ምን ይፈይዳል?" ሁላችንም ዝም ብለን ጠበቅን። የሁላችንም ጥያቄ ነበር። ሲስተር ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"አይደክምም" አለች። "ሥራው ነው የሚለወጠው። እንግዳ ይዛችሁ ስትገቡ የቤታችሁ ውሻ ምን ያደርጋል? እንግዳውን አይነክስም። ጅብ ሲመጣ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲጮኽ ያድራል። አልታሰረም፤ እንቅልፍም አልወሰደውም። እናንተ ያስገባችሁትን ለይቶ ነው።"

ከዚያ ነገሩን ዘርዘር አደረገችው። ፅንሱ ግማሹ የአባቱ ነው። የሌላ ሰው ኩላሊት ቢተከልልን ሰውነታችን ያለ መድኃኒት አይቀበለውም። ልጁን ግን ዘጠኝ ወር ተሸክሞ ያሳድጋል። ምሥጢሩ ያለው እንግዴ ልጁ ከማህፀን ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ነው። እዚያ ያሉት የእንግዴ ልጅ ሕዋሳት፣ ነጭ የደም ሕዋሳት ባዕድን የሚለዩባቸውን ዋና ዋና ምልክቶች ይደብቃሉ። በምትኩ "ተዉኝ" የሚል ሌላ ምልክት ያወጣሉ። በእናትየውም በኩል ሌሎቹን የሚያረጋጉ ነጭ የደም ሕዋሳት ይበዛሉ። ይህን ሁሉ ስትናገር በወረቀት ላይ ትስል ነበር። ማህፀኑ፣ እንግዴ ልጁ፣ መሀል ላይ ደግሞ የደም ሥሮቹ። ያንን ወረቀት ለምኜ ወስጄ ሱቄ ውስጥ አባዛሁት። ዛሬም እናቶች ሲመጡ እሰጣቸዋለሁ።

እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ ቤት ስገባ ሳላነብ አልተኛም። ጥያቄውን በግልጽ ያነሳው ፒተር ሜዳዋር የሚባል እንግሊዛዊ ሳይንቲስት ነው፤ በ1953 እ.ኤ.አ.። በ1960 የኖቤል ሽልማት ካገኙት አንዱ ነው። እናት ፅንሱን ለምን አትገፋውም ብሎ ሲጠይቅ ካስቀመጣቸው ግምቶች አንዱ የእናትየው የመከላከል አቅም ይፈዝዛል የሚል ነበር። ይሄ ግምት በሰው አፍ ላይ ቀረ። ዛሬ የሚታወቀው ግን ሌላ ነው። በ2017 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከእርጉዝ እናቶች ደም በየጊዜው እየወሰዱ ሲመረምሩ፣ ለውጡ የራሱን ጊዜ ጠብቆ በተራ የሚሄድ ሆኖ አገኙት። መጀመሪያ ፅንሱ ማህፀን ላይ ሲጣበቅ ቁስል ሲድን የሚታየው ዓይነት መቆጣት አለ። መሀል ላይ ይረጋጋል። መውለጃው ሲደርስ መቆጣቱ ይመለስና ምጡን ያግዛል። ደክሞ የተኛ ነገር እንዲህ ያለ ሥራ አይሠራም።

እኔን በጣም የነካኝ ሲስተር ስለ ደም ሥሮቹ የነገረችን ነው። ከነጭ የደም ሕዋሳት መካከል "ገዳይ" የሚል ስም የወጣላቸው አሉ። ሌላ ቦታ በቫይረስ የተያዘን ሕዋስ ያጠፋሉ። በእርግዝና የመጀመሪያ ወራት በማህፀን ሽፋን ውስጥ ካሉት ነጭ የደም ሕዋሳት 70 በመቶ ያህሉ ከእነሱ ወገን ናቸው። እዚያ ግን ልጁን አይገድሉም። የእናትየው ጠባብ የደም ሥሮች ሰፍተው ለልጁ በቂ ደም እንዲያደርሱ ያግዛሉ። ይህ ሥራ በደንብ ሳይሠራ ሲቀር ደግሞ በእርግዝና መጨረሻ የሚመጣው አደገኛ ግፊት፣ ፕሪኤክላምፕሲያ የሚሉት፣ ሊከተል ይችላል።

በየክትትሉ ግፊት ይለካል፤ ሽንት ይታያል። ሰልፉ ሲረዝም ብዙ እናቶች "ባለፈው ወር ተለክቻለሁ" ብለው ሊያልፉ ይፈልጋሉ። ያን ትምህርት የሰማን ግን ማንም ሳይነግረን ክንዳችንን እንዘረጋለን። የአንድን አገልግሎት ጥራት የምለካው በዚህ ነው። ግፊት የሚለካ ቤት ብዙ ነው። ግፊት ለምን እንደሚለካ ያስረዳኝ ቤት ግን ይሄ ብቻ ነው።

ወደ ሾተላይ ልምጣ።

አማቴ ሾተላይን የሚያውቁት እንደ ክፉ መንፈስ ነው። በልጅነታቸው ጎረቤታቸው የነበሩ ሴት የመጀመሪያ ልጃቸው በደህና አድጎላቸው፣ ከዚያ የወለዷቸው ሁሉ ቢጫ እየሆኑ ሞቱባቸው። ክታብ አሰሩ። ጠበል ተጠመቁ። መጨረሻ ላይ ባላቸው ፈታቸው። አማቴ ይህን ሲያወሩ ዛሬም ድምፃቸው ይቀየራል። የእኔን ደም ሲሰሙ ፈሩ። ስለዚህ አንድ ረቡዕ ይዣቸው ሄድኩ።

ሲስተር ሰምታ አልሳቀችም። "እማማ፣ ያዩት ነገር እውነት ነው" አለቻቸው። "ልጆቹ የሞቱት በደም ነው።"

አማቴ ወዲያው ጠየቁ። "ታዲያ የመጀመሪያው እንዴት ተረፈ?"

እኔ ካሰብኩት በላይ ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። መልሱም የሾተላይን ነገር ሁሉ ይፈታዋል። የእናትና የልጅ ደም በእርግዝና ጊዜ ብዙም አይገናኝም። በብዛት የሚገናኘው በወሊድ ሰዓት፣ እንግዴ ልጁ ሲላቀቅ ነው። ኔጌቲቭ የሆነች እናት ፖዘቲቭ ልጅ ስትወልድ የልጁ ደም ጥቂት ጠብታ ወደ እሷ ይገባል። ሰውነቷ ያንን ደም ባዕድ ነው ብሎ ይመዘግበዋል፤ የሚያጠፋውንም አንቲቦዲ ይሠራል። ያኔ የመጀመሪያው ልጅ ተወልዷል፤ አምልጧል። ሁለተኛው ፖዘቲቭ ልጅ ሲረገዝ ግን አንቲቦዲው ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። በእንግዴ ልጁ በኩል አልፎ ገብቶ የልጁን ቀይ የደም ሕዋሳት ያፈርሳል። ልጁ ደም ያንሰዋል፤ ሲወለድም ቢጫ ይሆናል።

"ስለዚህ የሴትየዋ እርግማን አልነበረም" አሉ አማቴ።

"አልነበረም እማማ። ሰውነታቸው ሥራውን በደንብ በመሥራቱ ነው።"

መርፌው፣ አንቲ ዲ የሚባለው፣ የሚሠራው እዚህ ጋ ነው። የልጁ ደም ገብቶ የእናትየው ሰውነት ሳያውቀው በፊት ጠርጎ ያጠፋዋል። የሚሰጠው በ28ኛው ሳምንት ገደማና ከወለዱ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ነው። ማስወረድ ካጋጠመ፣ በእርግዝና ደም ከፈሰሰ ወይም ሆድ ላይ ከባድ ምት ከደረሰም ያስፈልጋል። ለአንዱ እርግዝና የተወሰደው ለሚቀጥለው አያገለግልም። ሰውነት አንዴ አንቲቦዲውን ከሠራ ደግሞ መርፌው አይረዳም። ለዚህ ነው አስቀድሞ ኩምብስ የሚሉት የደም ምርመራ የሚሠራው። የእኔ ንጹሕ ሆነ። በመጀመሪያው ልጄ ጊዜ መርፌውን በሰዓቱ ወስጄ ነበርና።

መድኃኒቱ ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። የሚሠራው ከሰው ደም ነው፤ ይህን ሳነብ ዓይኔ እንባ ሞላ። ጄምስ ሃሪሰን የሚባል አውስትራሊያዊ በደሙ ውስጥ ይህ አንቲቦዲ በብዛት ነበረው። በዕድሜው 1,173 ጊዜ ለግሶ በ2025 አረፈ። አማቴ ይህን ስነግራቸው "ነፍሱን ይማር" ብለው አማተቡ።

ወቀሳዬ እዚህ ይጀምራል። የደም ዓይነቴን ጤና ጣቢያው በመጀመሪያው ቀን መርምሮ ካርዴ ላይ በቀይ ጻፈው። ጥሩ። መርፌው ግን የለም። የመድኃኒት መስኮቱ መልስ "የለም" ነው፤ ከዚያ በኋላ ዝም። መቼ ይመጣል? አይታወቅም። የት ይገኛል? አይታወቅም። እኔ ከመጀመሪያው ልጄ ስለማውቅ ማፈላለግ ጀመርኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያረገዘች የገጠር ልጅ ግን "የለም" ሲሏት ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ለዚያች ልጅ አዝናለሁ። በመንግሥት ጤና ተቋም የእናቶች ክትትልና ወሊድ በነጻ ነው፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ይህ መርፌ ሲጠፋ ግን ነጻው ነገር ለኔጌቲቭ እናት ግማሽ ይሆናል። እኛ ከግል መድኃኒት ቤት ስንገዛው ከአንድ ወር የቤት ኪራያችን በለጠብን።

ያገኘነው ባሕር ዳር ነው። የባለቤቴ ወንድም በሚኒባስ አመጣው። መርፌው ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መሆን አለበት። በረዶ ሆኖ ከረጋ ደግሞ ይበላሻል። ፋርማሲስቱ ጠርሙሷን በወረቀት ጠቀለለ፤ ወረቀቱን በፌስታል አደረገ፤ ከዚያ በረዶ ባለበት የሻይ ፔርሙዝ ውስጥ በረዶውን እንዳይነካ ከላይ አስቀመጠው። "ፀሐይ በማይመታው ቦታ፣ እግርህ መሀል ያዘው" አለው። እንደዚያ ይዞት መጣ። ሲስተር ፔርሙዙን ስትከፍት መጀመሪያ ያየችው ጠርሙሷን ሳይሆን በረዶው ቀልጦ እንደሆነ ነው። አልቀለጠም።

ሁለተኛውን፣ ለወሊድ የሚሆነውን፣ አብረን ገዝተን ነበር። ሲስተር ስሜን ጽፋ የክትባት ፍሪጁ ውስጥ አስቀመጠችልኝ። ይህን የማድረግ ግዴታ አልነበረባትም። ምጤ ሌሊት ቢመጣ ተረኛዋ እንድታገኘው ማስታወሻም ለጥፋ ነበር።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ፤ ይሄ ጤና ጣቢያው ውስጥ የሆነ አይደለም። ስድስተኛው ወር ላይ ድካም በረታብኝና በአቅራቢያ ያለ የግል ክሊኒክ ገባሁ። ደም ወሰዱ። ነጭ የደም ሕዋስ ከፍ ብሏል፣ ታይፎይድም ታይቷል ተባልኩና ጠንከር ያለ መድኃኒት ታዘዘልኝ። ትኩሳት አልነበረኝም። ወረቀቱን ይዤ ወደ ሲስተር ሄድኩ። ሙቀቴን ለካች፤ ሽንቴን አስመረመረች፤ ከዚያ ለሐኪም ጻፈችልኝ። ሐኪሙ ውጤቱን አይቶ መድኃኒቱ አያስፈልግሽም አለኝ። በእርግዝና ጊዜ ነጭ የደም ሕዋስ በራሱ ይጨምራል፤ ካላረገዘች ሴት ቁጥር ጋር አይነጻጸርም። ያ የታይፎይድ ምርመራም ብቻውን የሚታመን አይደለም። የድካሜ ምክንያት የደም ማነስ ሆኖ ተገኘ። እርግዝና የሰውነትን መከላከያ እንዴት እንደሚለውጥ አለማወቅ የማያስፈልግ መድኃኒት ያስውጣል። እርጉዝ ሴት የላቦራቶሪ ወረቀት ስትይዝ፣ እርጉዝ መሆኗን እያወቀ የሚያነብላት ሰው ያስፈልጋታል።

አይደክምም ማለት ግን ምንም አይነካንም ማለት አይደለም። ይህንንም ሲስተር በግልጽ ነግራናለች። ኢንፍሉዌንዛ እርጉዝን ከሌላው ይበልጥ ያጠቃል፤ ልብና ሳንባዋም ተጨናንቀዋልና። በተበከለ ውሃ የሚመጣው ሄፓታይተስ ኢ በመጨረሻዎቹ ወራት እስከ ሞት ያደርሳል። ባልፈላ ወተት የሚተላለፈው ሊስቴሪያ ደግሞ እናትየውን በጉንፋን መልክ አልፏት ልጁን ሊያስወርዳት ይችላል። ይህ ለጎጃም ሰው ከባድ ምክር ነው። ከላም ቤት ያደገች ሴት ወተት አፍልተሽ ጠጪ ስትባል ፊቷ ይለወጣል። ጥሬ ሥጋም እስክትወልጂ ይቅር ተባልን። አንዳንዶቹ አጉረመረሙ።

ስለ ወባ ያስተማረችን ግን በጥቅምት ነበርና ማንም አላጉረመረመም። ዝናቡ ሲያቆም ወባው ይነሳል፤ የቆላ እናቶች ያውቁታል። የማያውቁት፣ እኔም የማላውቀው፣ ወባው እርጉዝ ሴት ላይ የሚደበቅበት ቦታ እንዳለው ነው። ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዓይነት የያዛቸው ቀይ የደም ሕዋሳት እንግዴ ልጁ ላይ ይጣበቃሉ። ከማርገዟ በፊት ይህ መጣበቂያ ቦታ ሰውነቷ ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ ቀድሞ ወባ የለመደ ሰውነት እንኳ ለዚህኛው አዲስ ነው። ወባ ዓመቱን ሙሉ በማይጠፋበት አገር የመጀመሪያ እርግዝና ላይ ይበረታል፤ በሚቀጥሉት ሰውነት እየለመደው ይሄዳል። እንደ እኛ ባለ፣ ወባ ወቅት ጠብቆ በሚመጣበት ቦታ ግን ሦስተኛዋንም አምስተኛዋንም አይምርም። እናትየው ደም ያንሳታል፤ ልጁ ከክብደት በታች ይወለዳል።

አጠገቤ የተቀመጠች የቆላ ልጅ፣ የመጀመሪያዋ ነው፣ "እኛ ቤት አጎበሩን አባቴ ነው የሚተኛበት" አለች። ሲስተር በዚያው ቀን ለራሷ አጎበር አስወጣችላት። ባሏን ደግሞ ለብቻው ጠርታ አናገረችው። ምን እንዳለችው አልሰማሁም። ሰውየው ሲወጣ አጎበሩን ይዞት የወጣው እሱ ነበር።

የክትባቱን መልስ ያገኘነው በሌላ ረቡዕ ነው። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ሲሰጠን የእኛ ሰውነት አንቲቦዲ ይሠራል፤ አንቲቦዲውም በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ልጁ ያልፋል። ይህ ማለፍ ከ13ኛው ሳምንት ገደማ ይጀምራል፤ አብዛኛው ግን የሚያልፈው በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ነው። በወሩ የተወለደ ልጅ ከእናቱ የበለጠ ይዞ ሊወጣ ይችላል። ያለ ጊዜው የተወለደ ልጅ ጥቂት ብቻ ይዞ ይወጣል። ሾተላይ የሚያልፍበት መንገድም ይሄው ነው። እናት በሕይወቷ የታመመችውንና የተከተበችውን ለልጇ የምታወርስበት መንገድ፣ ደሟ ያልተስማማ እንደሆነ ልጁን የሚጎዳው ነገር የሚገባበትም ነው። ይህን ካወቅሁ በኋላ መርፌውም ክትባቱም ለእኔ የአንድ ነገር ሁለት ጎን ሆኑ።

የቀረው በጡት ይመጣል። ከወሊድ በኋላ የሚወጣው ቢጫው እንገር በሌላ ዓይነት አንቲቦዲ የተሞላ ነው፤ የልጁን አንጀትና ጉሮሮ ይጠብቃል። እኛ አካባቢ ግን እንገሩን አልቦ መድፋትና አራስ ልጅን ቅቤ ማላስ የቆየ ነገር ነው። አማቴ የመጀመሪያ ልጄን ቅቤ ሊያልሱት ሲሉ ተጣልተን ነበር። በሁለተኛው ግን ቅቤው ወጥቶ አላየሁም። "ሲስተር እንገሩ ክትባቱ ነው ብላለች" ብለው እሳቸው ራሳቸው ልጁን አምጥተው ደረቴ ላይ አስተኙት።

እሳቸውን ከሁሉ የነካቸው ግን ሌላ ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት፣ ወንድ ልጅ የወለዱ እናቶች ደም ውስጥ የልጁን ሕዋሳት አግኝቷል፤ በአንዲት እናት ላይ ከወለደች 27 ዓመት በኋላ። ማታ ቡና ላይ ይህን አነበብኩላቸው። አማቴ አንድ ወንድ ልጅ በወጣትነቱ ሞቶባቸዋል። ሲኒውን አስቀመጡና "እንግዲህ እሱም እኔ ጋ አለ በይኛ" አሉ። ሊኖር ይችላል አልኳቸው።

ስለ ሌላው አገልግሎት ባጭሩ ልበል። አዋላጆቹ ትሁት ናቸው፤ ምጥ ላይ የሚጮኽ ሰው የለም፤ የሚመታም የለም። አማቴ አብረውኝ እንዲገቡ ፈቅደዋል። ለሩቅ አገር እናቶች ማቆያ ቤት አለ፤ ንጹሕ ነው፤ ምግቡን ግን ቤተሰብ ካላመጣ ይከብዳል። ከወለዱ በኋላ ገንፎ ይሰጣል። ሽንት ቤቱ መጥፎ ነው፤ ውሃ የሌለበት ቀን ብዙ ነው፤ ለእርጉዝ ሴት ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሊስተካከል ይገባል። የላቦራቶሪው ሰልፍ ረጅም ነው። የቂጥኝ፣ የኤች አይ ቪና የጉበት ምርመራ በአንድ ቀን ይሠራል።

ልጄ ሲወለድ ከእትብቱ ደም ተወሰደ። ፖዘቲቭ ሆነ። ተረኛዋ ማስታወሻውን አይታ መርፌውን ከፍሪጁ አወጣችና በዚያው ቀን ወጋችኝ። ልጁ ቢጫ አልሆነም።

አራሷን የሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን ብዙ ቦታ አይነግሯችሁም። ሰውነት ከወሊድ በኋላ ወደ ቀድሞው ሲመለስ፣ በእርግዝና የተኙ አንዳንድ በሽታዎች ይነሳሉ። ጎረቤቴ የመገጣጠሚያ ቁርጥማት፣ ሪህ የምንለው ዓይነት፣ አለባት። እርጉዝ እያለች እንደ ልቧ ትሄድ ነበር፤ ሁላችንም ዳነች ብለን ነበር። በአራስነቷ ተመልሶ እጇን ያዛት። ይህ ከ1938 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሐኪሞች የተጻፈ ነገር ነው። ጤና ጣቢያው ስለዚህ ቀድሞ ቢነግራት ኖሮ ልጅ የሚያቅፍላት ሰው ታዘጋጅ ነበር። የረቡዕ ትምህርቱ ለአራሶችም ቢቀጥል እላለሁ።

እዚህ አካባቢ ያላችሁና ክትትል ልትጀምሩ ያሰባችሁ፣ ካርድ ክፍሉ ጠዋት 2:30 ይከፈታል። ረቡዕ ሂዱ። በመጀመሪያው ቀን የደም ዓይነታችሁን ጠይቁ፤ ነግረዋችሁ ካልጻፉት ካርዱ ላይ አስጽፉ። ኔጌቲቭ ከሆናችሁ ባላችሁንም አስመርምሩ፤ እሱም ኔጌቲቭ ከሆነ ሐኪሙን አማክሩ፣ መርፌው ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ፖዘቲቭ ከሆነ 28ኛውን ሳምንት አትጠብቁ፤ በ20ኛው ገደማ መርፌውን ማፈላለግ ጀምሩ፤ ሁለቱንም አብራችሁ ግዙ፤ ማስቀመጫ ፍሪጅ እንዳለም ከመግዛታችሁ በፊት አዋላጇን ጠይቁ። የሲስተርን ሥዕል የምትፈልጉ ሱቄ ጎራ በሉ። ለእርጉዝ ሴት አላስከፍልም።